ሴራው ከታወቀ በኋላ፦ «ሌ ዲያቦሊክ» እና ሀያስያኑ

#1 — ጥቁርና_ነጭ

አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ክር ላይ መጨረሻው ይነገራል። ፊልሙን ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩትና ተመለሱ፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የፈረንሳዊው ዳይሬክተር የአንሪ-ዦርዥ ክሉዞ «ሌ ዲያቦሊክ» ፈረንሳይ ውስጥ ለእይታ የበቃው በጃንዋሪ 1955 ነው። የ1954ን የሉዊ ደሉክ ሽልማት ወስዷል፤ እዚያው አገር ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆርጦለታል። በዓመቱ መጨረሻ ኒው ዮርክ ሲገባ የኒው ዮርክ ታይምሱ ቦዝሊ ክራውዘር አሞገሰው፤ የከተማዋ የፊልም ሀያስያን ማኅበርም የዓመቱ ምርጥ የውጭ ፊልም ብሎ ከጣሊያናዊው ዴ ሲካ «ኡምቤርቶ ዲ» ጋር እኩል ሸለመው። እስቲ ጥንዱን ተመልከቱት። አንዱ ጡረተኛ ሽማግሌና ውሻው፣ ታሪክ የሚባል ነገር የሌለው ፊልም ነው፤ ሌላው ከታሪክ በቀር ምንም የለውም ተብሎ የተከሰሰ።

ለውይይት የማቀርበው ነገር ይህ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ በስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይወጣል፦ እናንተም ዲያብሎስ አትሁኑ፣ ያያችሁትን ለወዳጆቻችሁ አትንገሩባቸው የሚል። ለተመልካቹ የታሰበ ልመና ነበር፤ የታሰረበት ግን ሀያሲው ነው። በ1955 የጻፈ ሰው ስለ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አንድ ቃል መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ ግማሽ ፊልም ገመገሙ። ያሞገሰው «እንዴት ያለ አስፈሪ ማሽን ነው» አለ፤ የነቀፈውም «ማሽን ብቻ ነው» አለ። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ማሽኑ። ፊልሙ የሚለውን ለመስማት መጨረሻውን በግልጽ መናገር የሚችል የኋላ ትውልድ አስፈለገ።

በአማርኛ «ሴራ» ስንል የድርሰቱን አካሄድም፣ የክፉዎችን ምክክርም ማለታችን ነው። ለዚህ ፊልም ተብሎ የተፈጠረ ቃል ይመስላል። የሀያስያኑ ጠብም ከዚሁ ይመነጫል፦ የክሉዞ ሴራ ያለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ያለ ሚሼልና ኒኮል ሴራ ይቆማል ወይ?

#2 — የሞንታዥ_ልጅ

ማሽን ነው ከተባለ ሞተሩን እንፍታው። ሀያስያን «ተመልካቹን አጭበርብሯል» ሲሉ ማስረጃ ማቅረብ አለባቸው፤ እዚህ ፊልም ላይ ማስረጃው እምብዛም አይገኝም።

ታሪኩ አጭር ነው። ሚሼል ደላሳል (ፖል ሙሪስ) ፓሪስ አጠገብ ያለ የአዳሪ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ ገንዘቡ ግን የሚስቱ የክርስቲና (ቬራ ክሉዞ) ነው። ክርስቲና የልብ ሕመምተኛ፣ አጥባቂ ካቶሊክ ናት። ኒኮል (ሲሞን ሲኞሬ) እዚያው አስተማሪና የሚሼል ውሽማ ናት። ሁለቱ ሴቶች ተባብረው ሊገድሉት ኒዮር ከተማ ወደሚገኘው የኒኮል ቤት ይስቡታል። እውነቱ ግን ሚሼል አይሞትም፤ ከኒኮል ጋር ያሴረው ክርስቲናን በድንጋጤ ገድሎ ሀብቷን ለመውረስ ነው። ክሉዞ ራሱ የኒዮር ተወላጅ ነው፤ ቤቱ በጎረቤትና በወሬ የታፈነ መሆኑ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም።

አሁን እያንዳንዱን እርምጃ ተከታተሉ፦

ማደንዘዣውን የምታቀርበው ኒኮል ናት፤ ውስኪውን የምትቀዳለት ክርስቲና ናት። ስለዚህ ጥፋተኛነቱ የክርስቲና ይሆናል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የምታውቀው ግን ኒኮል ብቻ ናት።

ባኞው ውስጥ የምትደፍቀው ኒኮል ናት። ክርስቲና ማየት አትችልም። ከዚያ ከባድ ሐውልት ደረቱ ላይ ይጫናል፣ ባኞው በጨርቅ ይሸፈናል፣ ሌሊቱ ያልፋል። ከእንግዲህ ሚሼል ውሃ ውስጥ መሆን የሚያስፈልገው ጨርቁ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ጨርቁ መቼ እንደሚነሣ የምትወስነው ደግሞ ኒኮል።

በቅርጫት ሥራ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ይከቱታል፣ በሲትሮኤን 2ሲቪ የጭነት መኪና ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ሌሊት የትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይጣላል። ገንዳው ጭቃማ ስለሆነ ወለሉ አይታይም።

በዚህ ሁሉ መካከል ክርስቲና አንድ ጊዜ እንኳ አንገቱን ዳስሳ የደም ምቱን አትፈልግም። ለሞቱ ያላት ማስረጃ የኒኮል ቃልና የራሷ ጸጸት ነው። እኛም ያለን ያው ነው፣ ምክንያቱም ካሜራው ከሷ ጋር ተጣብቋል። ማጭበርበር ይሆን የነበረው ኒኮል ማንም በሌለበት ክፍል ብቻዋን ሆና ስትደነግጥ ብናይ ነበር። ሁለተኛ ስታዩት ይህን ቁጠሩ። ኒኮል በምትደነግጥበት ጊዜ ሁሉ አጠገቧ የሚያያት ሰው ማን እንደሆነ ተመልከቱ።

#3 — ካልነካሁ_አላምንም

ውብ ነው። ግን ሞተሩ ነዳጅ የለውም። ሰውን በድንጋጤ ለመግደል ይህን ሁሉ? የልብ በሽተኛ በድንጋጤ ሊሞትም ላይሞትም ይችላል። ልብሱ ከላውንደሪ ተመልሶ ሲመጣ አልሞተችም። ገንዳው ሲደርቅና ሬሳው ሲጠፋ ወደቀች እንጂ አልሞተች። ሬሳ ማቆያ ድረስ ሄዳ የማታውቀውን አስከሬን አይታ ተመልሳለች። በተማሪዎቹ የቡድን ፎቶ ላይ፣ ከኋላ በመስኮቱ ውስጥ የሟች ባሏን ፊት የመሰለ ነገር አይታለች፤ አሁንም አለች። እንደዚህ ዓይነቷን ሴት ልበ ደካማ አልላትም።

ደግሞ አማኝ ናት፣ ኃጢአቱ ከብዷታል። አንድ ማለዳ ተነሥታ ለፖሊስ ብትናዘዝ ሁሉም ነገር አበቃ። በ1955 ይህን ያነሡ ሀያስያን ትክክል ነበሩ፤ ፊልሙ የሚሠራው ፈጥኖ ስለሚያልፍ ብቻ ነው።

#4 — የሞንታዥ_ልጅ

@ካልነካሁ_አላምንም፣ እስቲ ትናዘዝ እንበል። ፖሊስ ይመጣል። ገንዳው ባዶ ነው። ሬሳ የለም። በሦስተኛው ቀን ሚሼል ሻንጣውን ይዞ «ምን ሆናችኋል?» እያለ በበሩ ይገባል። ክርስቲና ያልተፈጸመ ግድያ የተናዘዘች እብድ ትሆናለች፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረውም ባሏ ነው። ብትሞት ይወርሳሉ፤ ብትናዘዝ እብድ ተብላ ትገባለች፤ ምንም ባትል ነገ ሌላ ማስደንገጫ ይጨመርላታል። ሴራው የሚከስርበት መንገድ ከውስጥ የለውም። ከውጭ ብቻ ነው የሚፈርሰው፣ ማንም ሳይጠራው ሬሳ ማቆያው በር ላይ ብቅ ባለው በጡረተኛው መርማሪ በፊሼ (ሻርል ቫኔል)።

የማስደንገጫዎቹ ቅደም ተከተልም እንዲሁ የተበተነ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠፋ ነገር ይመጣል፣ ሬሳው። ቀጥሎ የሚመለስ ነገር፣ ልብሱ። ቀጥሎ ምስክር፣ ርእሰ መምህሩ ቀጣኝ የሚል ልጅ። ከዚያ ምስል፣ ፎቶው። መጨረሻ አካሉ ራሱ። ርቀቱ በየደረጃው እየጠበበ ነው። ሐኪሙ በመሃል ገብቶ አልጋ ላይ እንድትቆይ ማዘዙን አትርሳ፤ ልቧ መድከሙን በጆሯችን እንሰማለን። መጠኑ እየተለካ የተሰጠ መርዝ ነው።

#5 — ሻይ_በሎሚ

«መጠኑ እየተለካ የተሰጠ መርዝ»። ይህን ወስጃለሁ።

#6 — ገጽ_ገላጭ

ልቦለዱን ካላነሣን ውይይቱ ጎደሎ ነው። የፒዬር ቧሎና የቶማ ናርስዣክ መጽሐፍ በ1952 ወጣ። እዚያ ገዳዩ ባል ነው። ራቪኔል የሚባል ተዘዋዋሪ ሻጭ ከሐኪሟ ውሽማው ከሉሲየን ጋር ሆኖ ሚስቱን ሚሬይን ባኞ ውስጥ ይደፍቃታል፤ ለሕይወት መድን ገንዘብ ሲሉ። ከዚያ የሟቿ ዱካ እየተከተለው አእምሮው ይዳሽቃል፣ ራሱን ያጠፋል። ሲገለጥ ሚስቱ አልሞተችም፤ የተባበረችው ከሉሲየን ጋር ነው።

ክሉዞ የሁሉንም ቦታ አዟዟረ። ባልና ውሽማ ወንጀለኞች፣ ሚስት ተጠቂ። መድኑ ቀርቶ የሚስት ሀብት መጣ። ትምህርት ቤቱ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የክሉዞ ጭማሪ ነው። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ጭማሪ እሱ ነው። የተበላሸ ዓሣ ለልጆች የሚቀርብበት፣ ሚሼል በተማሪና በአስተማሪ ፊት ሚስቱን «ዋጪ» ብሎ የሚያስገድድበት የምግብ ቤት ትዕይንት ከማንኛውም ሬሳ በላይ ያስጠላል። አንድ ሀያሲ ይህን ፊልም «ማሽን ብቻ» ሲል ያንን ዓሣ ዘሎታል ማለት ነው። የግድያው ምክንያት እዚያ ሳህን ላይ ነው ያለው፤ ተመልካቹ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሚሼል ላይ ይፈርዳል፣ በዚያም የሴራው ተባባሪ ይሆናል። ለታሪኩ ማጠፊያ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ነው፤ ስትደግፈው የነበረው ግድያ ያንተው ተጠቂ ላይ የተሸረበ መሆኑን ታውቃለህ።

በመጽሐፉ ውስጥ በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው ፍቅር ፊልሙ ላይ ጥላ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የኋላ ሀያስያን ብዙ የጻፉት ስለዚህ ጥላ ነው። አንዳንዱ ግን ጥላውን ከፊልሙ በላይ ያገዝፈዋል።

ርእሱም የመጽሐፉ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ባርቤ ዶርቪዪ በ1874 ያሳተመው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ስም ነው፤ ፊልሙ ሲከፈትም የሚነበበው የእሱ ቃል ነው፣ አሳዛኝ ሥዕል የሣለውን ክፋት እንድንጸየፍ ካደረገ ሥነ ምግባሩ ይበቃዋል የሚል። ክሉዞ ለሀያሲው መልሱን ገና ከበሩ ላይ ሰጥቶታል።

#7 — ጋሽ_ፕሮጀክተር

የፍርሃት ፊልሞች ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ሳይነሣ እዚህ ደርሳችኋል፣ ተመስገን። ግን መነሣቱ ስለማይቀር ተረቱን ከእውነቱ እንለይ።

ሂችኮክ የመጽሐፉን መብት ሊገዛ ሲል ክሉዞ በሰዓታት ቀደመው የሚባለው እንደ ወሬ የሚዞር ነው፤ ሰዓቱን የቆጠረ ሰው አላመጣም። እነዚያው ደራሲዎች በ1954 ያሳተሙት ሌላ መጽሐፍ በ1958 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» መሆኑ እውነት ነው። ለእሱ ብለው ጻፉት የሚለውን ፈረንሳዊው ሀያሲና ዳይሬክተር ትሩፎ ለሂችኮክ ነግሮታል፤ ናርስዣክ ግን አስተባብሏል።

ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም አይግባ የሚለው ደንብ በ1960 ከ«ሳይኮ» ጋር ዓለም ያወቀው ነው፤ ቀድሞ የተሠራበት ግን ለዚህ ፊልም ነው። የ«ሳይኮ»ን መጽሐፍ የጻፈው ሮበርት ብሎክ ከአስፈሪ ፊልሞች ሁሉ ይህንን እንደሚያስበልጥ ተናግሯል። ሆሊዉዱ ዊልያም ካስል ደግሞ ከሌላ በኩል ተማረበት። ሰልፉንና ጩኸቱን አይቶ በ1958 «ማካብር» የሚል ፊልም ሠራና በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች ከሎይድስ የ1,000 ዶላር የሕይወት መድን አስገባ። የክርስቲናን ሞት ወደ ትኬት ሽያጭ የቀየረ ብልህ ነጋዴ። የእንግሊዙ ሃመር ኩባንያ የ1961 «ቴይስት ኦፍ ፊር»ም ከዚሁ ገንዳ የተቀዳ ነው።

አንድ የሚወራ ቀልድም አለ። አንድ አባት ለሂችኮክ ጻፈ፦ ልጄ የፈረንሳዩን ፊልም ካየች ወዲህ ባኞ እንቢ አለች፣ ያንተን «ሳይኮ» ካየች ወዲህ ሻወር እንቢ አለች፣ ምን ላድርግ? መልሱ፦ ላውንደሪ ላካት። የሚሼል ልብስ ከየት እንደተመለሰ ለሚያስታውስ ቀልዱ እጥፍ ነው።

ስለዚህ «ክሉዞ የፈረንሳይ ሂችኮክ» የሚለውን ሐረግ ብትተዉት ደስ ይለኛል። በ1953 ያወጣው «የፍርሃት ደመወዝ» በካንም በበርሊንም ትልቁን ሽልማት የወሰደ ሰው የማንም ቅርንጫፍ ቢሮ አይደለም።

#8 — ካልነካሁ_አላምንም

ጋሽ ፕሮጀክተር፣ ራስዎ በሩን ከፈቱት። የፈረንሳይ ሀያስያን ቅዝቃዜ ከዚያው ይመስለኛል። ሁለት ትልልቅ ሽልማት ባንድ ፊልም የወሰደ ሰው ቀጥሎ «አትንገሩ» የሚል የእንቆቅልሽ ፊልም ይዞ ሲመጣ ወረደ ቢሉት ምን ይፈረድባቸዋል? ትሩፎም የፈረንሳይን ፊልም በነቀፈበት በዚያ የታወቀ ጽሑፉ አጠቃው አይደል?

#9 — ጋሽ_ፕሮጀክተር

አይደለም፤ ይህ ስሕተት ሁሌ ይደገማል። የትሩፎ ጽሑፍ «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለው የፊልም መጽሔት ላይ የወጣው በጃንዋሪ 1954 ነው፤ ፊልሙ የታየው ዓመት ቆይቶ። ዋና ዒላማውም ክሉዞ ሳይሆን የስክሪፕት ጸሐፊዎቹ ኦራንሽና ቦስት ናቸው። እውነቱ ከዚህ ይልቅ የሚገርም ነው። ያው መጽሔት በኦክቶበር 1954 ለሂችኮክ ልዩ እትም አወጣለት፤ ከዚያው ቡድን ሮሜርና ሻብሮል በ1957 ስለ እሱ መጽሐፍ ጻፉ። ሂችኮክ የሥነ መለኮት ሊቅ እየተደረገ ሲነበብ፣ የገዛ አገራቸው ሰው በጥንቃቄ በየትዕይንቱ የቀረጸው ፊልም «የስቱዲዮ ብልጠት» ሆኖ ታየ። የጊዜው ፋሽን ነበር፤ የፍርሃት ፊልምን በቁም ነገር ማንበብ ጀምረዋል፣ ግን በሂችኮክ በኩል ብቻ።

በክሉዞ ላይ ሌላም ሸክም ነበረ። በ1943 በጀርመን ገንዘብ በሚሠራ ኩባንያ «ቁራው»ን ስለሠራ ፈረንሳይ ከጀርመን ነጻ ከወጣች በኋላ ለጊዜው ከሙያው ታግዷል። ሰውን በክፉ ዓይን ያያል የሚለው ክስ ከዚያ ወዲህ ከስሙ አልተላቀቀም። «ሌ ዲያቦሊክ» ላይ አንድም ንጹሕ አዋቂ ሰው የለም፤ ከሳሾቹ ይህን እንደ ማረጋገጫ አነበቡት።

#10 — ጆሮ_ዳባ

ስለ ድምፁ አንድም ሰው አላነሣም፤ ሀያስያኑም በጊዜው ጥቂቶች ናቸው ያነሡት። የዦርዥ ቫን ፓሪስ ሙዚቃ ያለው በመክፈቻና በመዝጊያ ጽሑፎቹ ላይ ብቻ ነው። በመሃል ምንም የለም። ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም ዛሬም የሚሠራበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ሙዚቃ ቶሎ ያረጃል፣ የሚፈስ ውሃ ግን አያረጅም።

ኒዮር ያለው ባኞ ሲሞላ ቧንቧው በግድግዳ ውስጥ ያጓራል፤ ፎቅ ያሉት ተከራዮች ሬዲዮ እያዳመጡ ይሰሙታል፣ በዚህ ሰዓት ማን ይታጠባል ብለው ይነጫነጫሉ። አንድ ድምፅ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ አስቂኝ ነው፣ ምስክር ነው፣ የግድያውን ርዝማኔ ይለካል። የመጨረሻው ሌሊት ላይ ደግሞ የሚሰማው ወለል፣ በር፣ የጽሕፈት መኪና፣ የክርስቲና ትንፋሽ ነው። የጽሕፈት መኪናው ላይ በተጠቀለለው ወረቀት የሚሼል ስም ተደጋግሞ ተመትቷል፤ እሷ ስትደርስ የመታው ሰው የለም። አርማን ቲራር ያበራው ኮሪደርም እንዲሁ ነው፤ ከበር ሥር የሚወጣ ብርሃን፣ ሲጠፋ፣ ሲበራ። አስፈሪ ሙዚቃ ቢኖር ተመልካቹ «አሁን ደንግጥ» ይባል ነበር። እዚህ ማንም አይነግረውም።

ለማየት የምታስቡ፦ የፊልም አሳታሚው የክራይቴሪየን እትም (ቁጥር 35) የተሻለ ነው። ጥቁሩ የደበዘዘ ቅጂ ላይ ከበር ሥር ያለው ብርሃን ግራጫ ሆኖ ትዕይንቱ ይሞታል። የእንግሊዝኛ ድምፅ የተለጠፈበት ቅጂ ካገኛችሁ ተዉት፤ ድምፁ ሲተካ የቤቱ ጩኸት አብሮ ይጠፋል። አሜሪካ «ዲያቦሊክ»፣ እንግሊዝ «ዘ ፊንድስ» በሚል ስም ስለወጣ ስትፈልጉ አትሳሳቱ።

#11 — ጥቁርና_ነጭ

ወደ ባኞው እንመለስ፤ በ1955 ማንም ሊጽፍበት ያልቻለው ቦታ እሱ ነው።

ክርስቲና ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ትሮጣለች። ሚሼል ልብሱን እንደለበሰ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ዓይኖቹ ነጭ ናቸው። በግድግዳው ላይ ተንሸራትታ ትሞታለች። ከዚያ ሰውየው ጣቶቹን ወደ ዓይኑ ይሰዳል፣ ነጩን ሽፋን ያወጣል፣ ዓይኑን ያሻል።

ያችን እንቅስቃሴ ተመልከቱ። ለአንድ ደቂቃ ያህል የመንፈስ ፊልም ነበር፤ በሁለት ጣት ተመልሶ የሌባ ፊልም ሆነ። መነጽር እንዳወለቀ ሰው ዓይኑን ማሸቱ ነው የሚዘገንነው። ሴቲቱን ገድሎ የተሰማው ነገር የዓይኑ ማሳከክ ብቻ ነው። ይህን በ1955 ጋዜጣ ላይ እንዴት ትጽፈዋለህ? ስለዚህ «አስደንጋጭ መጨረሻ» ይሉና ያልፋሉ። ድንጋጤው ግን ትልቁ ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቬራ ክሉዞ በ1960 መጨረሻ በልብ ሕመም ሞታለች፤ የተጫወተችባቸው ፊልሞች ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም የባሏ። ይህን እንደ ትንቢት እያደረጉ ግምገማቸውን የሚጀምሩ አሉ። ነውር ነው። ትወናዋን ለመናገር ሞቷ አያስፈልግም።

#12 — ካልነካሁ_አላምንም

እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ። አንድ ቀዳዳ ግን አይደፈንም፤ ፊሼ። ሚሼልና ኒኮል ሲተቃቀፉ ከጨለማ ይወጣል፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይጠብቃችኋል፣ እንደ ጠበቃችሁ ብርታት ይላቸዋል። እዚያው ቤት ከነበረ፣ ሁሉንም ካወቀ፣ ለምን ከአምስት ደቂቃ በፊት አልወጣም? ወይ ፊሼ ሰነፍ ነው፣ ወይ ክሉዞ።

#13 — ገጽ_ገላጭ

ወይ ደግሞ ክርስቲና አልሞተችም።

የመጨረሻውን መጨረሻ ታስታውሳላችሁ፤ ትምህርት ቤቱ ይበተናል፣ ትንሹ ተማሪ ሟኔ የተወሰደበትን የላስቲክ ወንጭፍ ይዞ ይታያል። ማን መለሰልህ ሲሉት እመቤቲቱ፣ ክርስቲና ናት ይላል። ሞታለች ይሉታል። አይቻታለሁ ይላል። ይቀጡታል።

ሟኔ ቀደም ብሎም «ርእሰ መምህሩን አየሁ» ብሎ ነበር፤ ዋሽተሃል ተባለ፣ ልጁ ግን እውነቱን ነበር። ስለዚህ የፊልሙ ሕግ «ሟኔ አይዋሽም» ነው። ፊሼ ያልተጣደፈው ተነጋግረው ስለነበር ነው የሚሉ ሀያስያን ከዚህ ይነሣሉ። የእስራቱ ዓመት ቁጥርም ይደግፋቸዋል። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ አስቦ መግደል በሞት ያስቀጣል። 15 ዓመት ለሙከራ ቅጣት ይመስላል እንጂ ለግድያ አይመስልም።

#14 — የሞንታዥ_ልጅ

በሕግ መንገድ ከሄድን አልስማማም። በድንጋጤ የሞተችን ሴት «ገደልካት» ብሎ ማስረዳት የጠበቃ ገበያ ነው፤ «እንደ ጠበቃችሁ» ያለውም ለዚያ ነው። ማንም ሰው አልነካትም። ቁጥሩ ከሞቷ ጋርም ይሄዳል።

ደግሞ በሕይወት ካለች ፊልሙ ይረክሳል። የዓይኑ ማሸት፣ አሁን ከላይ የተጻፈው ሁሉ፣ ቀልድ ይሆናል። ክሉዞ ወንጭፉን የሰጠን መልስ ሊሰጠን አይደለም። «ሁሉም ነገር ምድራዊ ነው» ካለን በኋላ ስንወጣ ኪሳችን ውስጥ የከተተው ጠጠር ነው። እዚያው ይቆይ።

#15 — ገጽ_ገላጭ

ጠጠሩን እኔ ከኪሴ አላወጣሁም፣ እያሳየሁ ነው :) ሪሜኩ፣ ማለትም እንደ አዲስ የተሠራው ፊልም፣ ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ፤ በ1996 ጀርማያ ቼቺክ ከሻሮን ስቶንና ከኢዛቤል አጃኒ ጋር የሠራው። ያንን ጥያቄ አንሥቶ መልስ አደረገው፤ ሚስቲቱ ትተርፋለች፣ ሁለቱ ሴቶች ባልየውን እውነተኛው ገንዳ ውስጥ ይደፍቁታል፣ መርማሪዋ (ኬቲ ቤትስ) ታያለች፣ ዝም ትላለች። ሀያስያን ፈጠፈጡት፤ ተገቢ ነው። ስሕተቱ መጨረሻውን መለወጡ አይደለም፣ ክሉዞም መጽሐፉን ለውጧል። ስሕተቱ ገና ከመነሻው ኒኮልን በሻሮን ስቶን ዝና የምትጠረጠር ሴት ማድረጉ ነው። ሲኞሬ እኮ ጸጉሯን አሳጥራ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የተማሪ ደብተር የምታርም ታታሪ አስተማሪ ሆና ነው የምትመጣው። ምግባሯ ነው መሸፈኛዋ።

#16 — ሻይ_በሎሚ

ለሚጽፍ ሰው አንድ ጥያቄ፦ ዛሬ ይህን ፊልም ላላየ አንባቢ እንዴት ነው ሂስ የሚጻፍለት? ሰባ ዓመት ያለፈው ነው ብሎ መናገር ይበቃል?

#17 — ጥቁርና_ነጭ

አይበቃም። አንባቢው ዛሬ ነው የሚያየው።

የሚሠራው መንገድ ገምጋሚው የማቆሚያ መስመር አስቀድሞ መምረጡ ነው። ለዚህ ፊልም መስመሩ የገንዳው መድረቅ ነው፤ እስከዚያ ያለውን ሁሉ በዝርዝር ተናገር፣ ዓሣውን፣ ውስኪውን፣ ሣጥኑን፣ መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ካልገባሁ ያለውን ሰካራም ወታደር። ከዚያ በኋላ ስለ አሠራር ብቻ ጻፍ፦ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ትወና። «ጠማማ መጨረሻ አለው» የሚለውን ቃል አትጻፍ። ያ ቃል ብቻውን ግማሹን ያጠፋል፤ አንባቢው ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ መፈለግ ይጀምራል፣ ሲፈልግ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሬሳውን ነው። «ሲኞሬን ልብ በሉ»ም አትበል፤ ሙገሳ መስሎህ ቁልፉን ትሰጣለህ። ተዋንያንን ስትዘረዝር ሙሪስን «በመጀመሪያው ክፍል» ብለህ አትገድበው፣ «እስከ መጨረሻው»ም አትበል። ስሙን ብቻ ጻፍ።

ሁለተኛው ምርጫ የዚህ ክር ነው፤ በር ላይ ጽፎ ሁሉን መናገር። መካከለኛው፣ ፍንጭ እየሰጡ መሽኮርመሙ፣ ነው የከፋው።

#18 — ጆሮ_ዳባ

እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ሰካራሙን ወታደርም ተወው። እሱ ሣጥኑ አጠገብ ሲወጣ የሚሰማው ሣቅ ለማያውቅ ሰው ይቅር።

#19 — ካልነካሁ_አላምንም

ዛሬ ደግሜ ልመለከተው ነው፤ ኒኮል ስትደነግጥ አጠገቧ ማን እንዳለ እየቆጠርኩ። አንድ ቦታ ብቻዋን ሆና ካገኘኋት ደቂቃውን ጽፌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።